የደሚቱ ኪሎና የንጋቱ ኩላሊት

ስቶክሆልም ዳር ቴንስታ ኖሮ ደሚቱን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ደግሞ ከቤቱ የማይወጣ። የባለቤቴ የንጋቱ ታላቅ እህት ናት። በፈረንጆች ዘጠናዎቹ ዓመታት በቴንስታና በኪስታ መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ ትነዳ ነበር፤ ያን ጊዜ ከእኛ አገር ሴቶች መሐል የአውቶቡስ መሪ የጨበጠች እኔ የማውቀው እሷን ብቻ ነው። ስዊድናዊ ሲሳፈር በአንገቷ ሰላም ትላለች። ሐበሻ ሲሳፈር ግን "እንዴት አደርሽ! ልጆቹስ? ባልሽ ሥራ አገኘ?" እያለች አውቶቡሱን የሠርግ ቤት ታስመስለዋለች። ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ ይደነግጡ ነበር። በኋላ ግን ለመዱትና እሷ ያልነዳችበት ቀን "ያቺ ጯኺዋ የት ሄደች?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ወፍራም ነበረች። ለሐሜት አይደለም የምለው፤ ራሷ ናት የምትለው። የስቶክሆልም ነፋስ ሰው ሲያንገዳግድ እያየች "እኔን የሚገፋኝ ነፋስ ገና አልተፈጠረም" ትላለች። እኛም "ተመቸሽ፣ አማረብሽ" እንላት ነበር እንጂ ውፍረቷ ችግር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሰው ሲወፍር ደልቶታል ነው፣ ሲከሳ ምን ነካው ነው፤ ያደግነው እንዲህ እያልን ነው። ይህ አመላችን በኋላ ስንት ጣጣ እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

ንጋቱ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ደሙን በማሽን ማሳጠብ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሃሉንዳ ካለው ቤታችን ተነስቶ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ አቅም አጥቶ በሩ ሥር ቁጭ ይላል። ያ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ በአንዴ ይሸከም የነበረ ሰው! የሞተ ሰው ኩላሊት እስኪገኝለት ወረፋ ይዟል፤ ወረፋው ግን ንቅንቅ አይልም። እኔ ያን ጊዜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ሊወጣ ይደርስ ነበር።

አንድ ቀን ደሚቱ መጣችና ኮቷን ሳታወልቅ "እኔ ሁለት አለኝ አይደል? አንዱን ውሰድ" አለችው፤ ትርፍ ጃንጥላ እንደምትሰጥ ሰው።

ንጋቱ ተቆጣ፣ አለቀሰ፣ አልፈልግም አለ። ከስንት ልመና በኋላ እሺ ያለው በአንድ ውል ነው። "እታለም፣ ጤነኛ ከሆንሽ ብቻ ነው። በእኔ ምክንያት አንዲት ነገር ብትሆኚ፣ ለእኔ ብለሽ አንዲት ኪኒን ስትውጪ ባይ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል" አላት። ኪኒን ያለው በምክንያት ነው። ሐኪሞቹ ኩላሊቱን የጎዳው የደም ብዛት ነው ቢሉትም፣ እሱ ግን ለወገቡ ሕመም ዓመታት ሙሉ የዋጠው ማስታገሻ ነው ብሎ ያምናል። ማሽኑ ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገውን መድኃኒት እንኳ የሚውጠው እኔ አጠገቡ ቆሜ ስቆጣው ነው።

ምርመራው ተጀመረና ደማቸው ገጠመ! ደሚቱና እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቃቅፈን ዘለልን። ደስታችን ግን ሚዛኑ ጋ እስክንደርስ ነበር። ሰማንያ ስምንት ኪሎ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን፤ ኩላሊቷ ግሩም ነው፣ ግን በዚህ ክብደት አይቀዷትም። ደም ሊረጋባት፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝባት ይችላል፤ የሚቀርላት አንድ ኩላሊትም ሸክም ይበዛበታል። ቁመቷን አስልቶ "ከሰባ ዘጠኝ በታች ስትሆኚ እንቀጥላለን" አላት። "ወንድሜ እስከዚያ ይቆያል?" ስትለው ግን ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ሰውየው መዋሸት አይችልም ነበር መሰለኝ።

ሊፍት ውስጥ ደሚቱ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። "ለንጋቱ ምርመራው ገና አላለቀም ነው የምንለው፤ ይህን ከሰማ ጤነኛ አይደለሽም ብሎ እምቢ ይላል። በይ ማይልኝ። ንጋቱ ይሙ..." አለችና ደንግጣ አፏን በእጇ ከደነችው። እኔም ሳልምል ማልኩላት።

በማግስቱ ቴንስታ ያለችው የጤና ጣቢያ ሐኪሟ ዘንድ አብረን ሄድን። ጊዜው በፈረንጆች የ1999 የካቲት ነው፤ ክብደት የሚቀንስ አዲስ መድኃኒት ከወጣ ገና ወራት ነው፣ ጋዜጣው ሁሉ ስለሱ ያወራል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ትዕግሥት ያላት። "ይህ ኪኒን ሰውነትሽ ላይ ያለውን ስብ አያቀልጥም" አለቻት። "ከምትበይው ምግብ ውስጥ ካለው ስብ ሲሶ ያህሉ ወደ ሰውነትሽ እንዳይገባ ይከለክላል። ያልገባው ደግሞ ይወጣል። ብዙ ስብ ከበላሽ በድንገትና በጥድፊያ ይወጣል፣ ዘይት ሆኖ። ስለዚህ ስብ ቀንሺ። ምግብ ከዘለልሽ ኪኒኑንም ዝለይ። ቫይታሚን ስለሚያጎድል ማታ ማታ ቫይታሚን ትወስጃለሽ።" ይህን ሁሉ ካለች በኋላ ግን ዛሬ አላዝልሽም አለች። ሕጉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ምግብ ቀንሳ በአንድ ወር ውስጥ በራሷ ሁለት ኪሎ ተኩል ማውረድ አለባት፣ ያን ጊዜ ነው መድኃኒቱ የሚታዘዘው።

ደሚቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ሁዳዴ ሰኞ ይገባል!" ብላ ጮኸች፣ በአማርኛ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፤ እኔ ምን ብዬ ላስረዳት?

ሁዳዴ ያከሳል የሚል ሰው ግን የእኛን ጾም አያውቅም። ሳንቡሳ፣ በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮ፣ በዘይት የተለወሰ ፓስታ፣ በየኪሱ ለውዝ! ደሚቱ ሌላ ጊዜ ከሁዳዴ የምትወጣው ጨምራ ነው። ያን ዓመት ግን የዘይቱን ጠርሙስ አምጥታ እኔ ቤት አስቀመጠች። ምስር በውኃ፣ ጎመን በውኃ፣ ድንች በውኃ። ቀጠሮዋ ሲደርስ ሚዛን ላይ የወጣችው ጉትቻዋን አውልቃ ነው። ሞላላት! ከፋርማሲው ስትወጣ የኪኒኑን ሣጥን ብብቷ ሥር ደብቃ፣ መንገድ ላይ እንደ ሙሽራ ትፍለቀለቅ ነበር።

የቀሩትን የጾም ሳምንታት ኪኒኗን ከምግቧ ጋር ዋጠች፣ አንዳችም ነገር አልሆነችም። ይህ ነው ያሳሳታት። ዘይት ያልነካው ምግብ ስለምትበላ ኪኒኑ የሚከለክለው ነገር አልነበረውማ! እሷ ግን "የሚያወሩት ሁሉ ውሸት ነው፣ ለእኔ ሆድ ተስማምቶኛል" አለች። ፋሲካ ሲደርስ እሷ ቤት ተሰበሰብን። ዶሮው አለ፣ ክትፎው ቅቤው ላይ ይዋኛል። ንጋቱ ማረፍ ፈልጎ መኝታ ቤት ጋደም እንዳለ፣ ወደ ጓዳ ጎተተችኝና ኪኒኗን ዋጥ አድርጋ ጠቀሰችኝ።

"ዘበኛ ቀጥሬ የለም እንዴ?" አለችኝ። "እሱ በሩ ላይ ይቁም፣ እኔ ልብላ!"

በላች። ሁለት ወር የጾመ ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ ሰኞ ነው፤ ለእኛ ማግሥተ ፋሲካ፣ ለስዊድን የሥራ ቀን። ንጋቱ ማታውኑ ወደ ቤት ሲመለስ እኔ ዕቃ ላጥብ ብዬ እሷ ዘንድ አድሬ ነበርና፣ ወደ ኪስታ የምሄደው በራሷ አውቶቡስ ነው። ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ትናንቱ ግብዣ እያወራኋት በመስተዋቱ አየኋት። ግንባሯ ላቦት ዘርቷል፣ ከንፈሯን ነክሳለች። "ምነው?" ስላት "ዘበኛው ከዳኝ" አለችኝ በጥርሷ መሐል።

ኪስታ የገበያ አዳራሹ ፌርማታ ላይ አውቶቡሱን አቆመችና ማይክራፎኑን አነሳች። "የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ትንሽ የቴክኒክ ችግር ስላለ ለደቂቃ እንቆማለን" አለች ጥርት ባለ ስዊድንኛ። ከዚያ ሮጠች። ያን ሁሉ ሰውነት ይዛ እንዲያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ተሳፋሪውን እጠብቃለሁ። ስትመለስ ሰዓቱን ሲያይ የነበረ አንድ ሽማግሌ "ሞተሩ ነው?" አላት። "ዘይት ነው፣ ያፈሳል" አለችውና መሪዋን ጨበጠች። ሽማግሌው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ መሀረቤን ነክሼ ነው የደረስኩት።

ከዚያን ቀን ወዲያ ኪኒኑን ናቅ አላደረገችውም። ሐኪሟ ያለቻት ገባት፤ መድኃኒቱ ፈቃድ የሚሰጥ ሳይሆን የሚያስጠነቅቅ ነው። ስብ በበላሽ ቁጥር ያጋልጥሻል። ሥራ ቀን ቅቤ በዞረበት አትዞርም። ሆዷ አልፎ አልፎ ይነፋል፣ ይጮኻል፤ ትርፍ የውስጥ ልብስ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መዞር ጀመረች፤ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ተጠንቅቃ ሚዛኑ ፍንክች አይልምና ታለቅሳለች። ግን ወረደች! የደም ግፊቷ ቀነሰ፣ ጉልበቷ ደረጃ ላይ መጮኹን ተወ፣ የሥራ ሱሪዋን በቀበቶ መያዝ ጀመረች። እየደወለች "ጽጌረዳ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ራሴ አሰርኩ!" ትለኛለች። የኩላሊት ሐኪሞቹም ስለ ኪኒኑ ነግረናቸው ስለነበር በየጊዜው ደሟንና ሽንቷን ይመረምራሉ፤ ደህና ናት፣ ቀጥይ ይሏታል። እኔ በእያንዳንዷ ኪሎ ንጋቱ ወደ እኔ አንድ እርምጃ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከራሳችን ሰው ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው፤ በየሳምንቱ ክርስትና፣ በየሳምንቱ ግብዣ። ደሚቱ ደግሞ ሳህኗ ላይ ሰላጣ ብቻ አድርጋ ጥግ ትቀመጣለች። ደሚቱ! መጀመሪያ "ጴንጤ ሆና ይሆናል" ተባለ። አንዷ "ጴንጤዎች ደግሞ ቅቤ መቼ ተዉ?" ብላ ይህን አፈረሰችው። ከዚያ ስኳር ነው ተባለ፣ ጨጓራ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ሰዉ ስሙን ለመጥራት የሚፈራው በሽታም በጆሮ በጆሮ ተንሾካሾከ። አፋቸውን በያዝኩት ብዬ ተቃጠልኩ፤ ግን ምን ልበል? ምስጢሩን ባወጣ ንጋቱ ይሰማል።

ወይዘሮ ከበደች የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲያዝኑም ሲቆጡም ድምፃቸው አንድ ነው። አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ የደሚቱን ደጅ ደወሉ። ደሚቱ ዓሣና ሰላጣዋን በልታ፣ ኪኒኗን ገና መዋጧ ነው። ስትከፍት ወይዘሮ ከበደች በፎጣ የተጠቀለለ ገንፎ ታቅፈው ቆመዋል፤ መሐሉ ላይ ያለው ጉድጓድ የተነጠረ ቅቤ ሞልቶበታል።

"ልጄ፣ ሰው ሲታመም አይደበቅም" አሏት።

"ኧረ እማማ፣ አልታመምኩም!"

"ካልታመምሽ ብይልኛ! እያየሁሽ ብይ።"

እምቢ ብትል ወሬው ነገ ሃሉንዳ ይደርሳል። በላች። ወይዘሮ ከበደች ደግሞ ሳያጎርሱ የሚመለሱ ሴት አይደሉም፤ እያንዳንዱን ጉርሻ ቅቤው ውስጥ እያጠለቁ አጎረሷት። ሲወጡ ደወለችልኝ። "አመኑኝ! ጤነኛ ነሽ ብለው ሄዱ!" አለች። "ኪኒኑስ?" አልኳት። "እሱማ ቀድሞ ገብቷል" አለች።

ወይዘሮ ከበደች ግን አላመኑም ኖሮ ማታውኑ ለንጋቱ ደወሉ። "በልታልኛለች፣ እግዜር ይመስገን። ግን ጉንጯ የት ሄደ? እናንተ ወንድሞች ዓይን የላችሁም?" አሉት። ንጋቱ በማሽኑ ድካም ምክንያት ከፋሲካ ወዲህ በስልክ እንጂ በአካል አላያትም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። "ተነሺ፣ ቴንስታ እንሂድ" አለኝ።

ስንደርስ ወይዘሮ ከበደች ሦስት ሴቶች አስከትለው፣ ሌላ ገንፎ ይዘው ቀድመውናል። ደሚቱ ሊፕስቲክ ተቀብታ ወጣችና መሐል ሳሎን ላይ ዞር ዞር አለች። "እዩኝ! ምን ጎደለኝ?" ቀሚሷ ግን ከእሷ በኋላ ነው የሚዞረው። ንጋቱ ዓይኑን ተክሎ አያት።

"እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ስፖርት ጀምሬ ነው!"

"አንቺ? ስፖርት?"

መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ። የትናንቱ ቅቤ ለዛሬ ነበር የቀጠራት። ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች፤ ተመለሰች፤ ተቀመጠች ሳንል እንደገና ሮጠች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ "ወይ የኔ እናት" ስትል አንገቷን ባንቅ ደስ ባለኝ።

ንጋቱ ተነሳ። "ጽጌረዳ፣ ኮቴን አቀብዪኝ። ሰኞ ደውዬ አልፈልግም እላቸዋለሁ። እህቴን ቀብሬ አልድንም" አለ። ሁሉም ነገር፣ ሁለት ወር የተጾመው፣ የተለፋው፣ የተለቀሰው፣ በአንድ ሳህን ገንፎ ሊፈርስ ነው! ልናገር ስል መሐላው ያዘኝ፤ ዝም ልበል ስል ባሌን አያለሁ።

ያን ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ የደሚቱ ድምፅ መጣ። የአውቶቡስ ድምፅዋ።

"ንጋቱ! ኮትህን አስቀምጥ! አልታመምኩም፣ ቅቤው ነው!"

ንጋቱ ኮቱን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ።

"ኪኒን እየዋጥኩ ነው! አዎ፣ ኪኒን! በቀን ሦስት ጊዜ! ቅቤ ካልበላሁ ምንም አያደርገኝም፣ ስበላ ነው እንዲህ የሚያሯሩጠኝ! ሐኪሞችህ ያውቃሉ! ወፍራም ነሽ አንቀድሽም ስላሉኝ ነው! ስድስት ኪሎ ወርጃለሁ፣ ሦስት ነው የቀረኝ! በሦስት ኪሎ ልትሞትብኝ ነው?"

ሞት የሚለውን ቃል በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእኛ አንዳችንም አፍ አውጥተን ተናግረነው አናውቅም። ሰው ፊት፣ ከሽንት ቤት፣ እየጮኸች አለችው። ከዚያ ለቅሶዋ ተሰማን።

ንጋቱ ኮቱን ጣለና ሄዶ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን በሩ ላይ አስደገፈ።

"እታለም።"

"አቤት።"

"ለእኔ ብለሽ ነው?"

"ለማን ብዬ ይሁን? ለቁንጅና ውድድር?"

ሳቅ አመለጠው፤ ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከተሰማኝ ብዙ ጊዜው ነበር። ቀጥሎ እሱም አለቀሰ። "ይጎዳሻል ወይ? እውነቱን ንገሪኝ" አላት። "ሽንት ቤት ያሮጠኛል፣ ካልተጠነቀቅኩ ያዋርደኛል፣ ይኸው እንደምታየው" አለችው። "ሌላ ነገር ካለው ሐኪሞቹ ያዩታል፤ ተዪ ካሉኝ እተወዋለሁ። አንተ ግን ተዪ አትበለኝ።" ንጋቱ ፊቱን በእጁ ጠረገና "ከዛሬ ወዲያ ሐኪሙ ዘንድ እኔም አብሬሽ እገባለሁ። እሱ ጥሩ ነው ካለኝ ዝም እላለሁ" አላት። እሺ አለች። ለእኔ ያ በቂ ነበር፤ ሶፋው ላይ ወደቅሁ።

ወይዘሮ ከበደች እስከዚያች ሰዓት ገንፏቸውን ታቅፈው ቆመው ነበር። ድንገት አንዷን አስታቀፏትና "አንሱልኝ ይሄንን ከዚህ ቤት!" አሉ። "ሦስት ነው የቀረኝ ነው ያለችው? ሦስት ኪሎ? በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደሚቱ ባለችበት ቅቤ የሚያወጣ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!" በሩን አንኳኩተውም "ልጄ፣ ሞቅ ያለ ውኃ ላምጣልሽ?" አሏት። "ቅቤ ከሌለበት ያምጡልኝ" የሚል መልስ መጣ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! እኛ ሐበሾች ስናወፍር እንጂ ስናከሳ የታየን ያን ክረምት ብቻ ነው። በየግብዣው ለደሚቱ ያለ ቅቤ ለብቻ ይሠራል፤ ሌላ ሰው ቢነካው ወይዘሮ ከበደች በዓይናቸው ያባርሩታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ ከቴንስታ እስከ ኪስታ ባለው ሜዳ ላይ ከበዋት በእግር ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ለእሷ ብለው ጀመሩ፣ በኋላ ለራሳቸው ሆነ። አውቶቡስ ላይ ሰው ቲኬቱን ሳያሳይ "ስንት ቀረ?" ይላታል። ክረምቱን ሙሉ አንድ ሰፈር በአንዲት ሴት ኪሎ ተጠመደ። ንጋቱም እንዳለው ሐኪሙ ዘንድ ገባ፤ ስለ ኪኒኑ ጥያቄውን ሁሉ አከታትሎ ጠየቀ፣ ሐኪሙ አንዱንም ሳይሰለች መለሰለት። ሲወጣ "እሺ" ብቻ አለኝ። ለንጋቱ ያ ብዙ ነው።

መስከረም ላይ ሆስፒታሉ ሚዛን ላይ ወጣች። ነርሷ ቁጥሩን በስዊድንኛ ስትናገር ደሚቱ "ድገሚልኝ" አለቻት፣ ደገመችላት። ከሰባ ዘጠኝ በታች! ነርሷን አቅፋ ከመሬት አነሳቻት። ኪኒኑን እንድታቆም ነገሯት፣ የቀዶ ጥገናው ቀን ለኅዳር ተቆረጠ። ሰው ሲጠይቃት "ኪኒኑ ረድቶኛል፣ ግን ኪኒኑን ብቻ ብውጥ ኖሮ የማወርደው ሱሪዬን ነበር" ትላለች። እውነቷን ነው።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ደሚቱ ወጣች፤ ጎኗ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ "ሠራ?" አለችኝ። "ገና እሱ ጋ አልገባሁም" አልኳት። "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ብላ ተቆጣችኝ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም።

ወደ ማምሻው ንጋቱ ዘንድ አስገቡኝ። አልጋው ጎን በተንጠለጠለችው ከረጢት ውስጥ ሽንቱ ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ የደሚቱ ኩላሊት ሥራ ጀምራለች። ነርሷ ውኃ የሞላ ጆግ አምጥታ ራስጌው አስቀመጠችና "ጠጣ፣ የፈለግኸውን ያህል ጠጣ" አለችው። ማሽን ላይ ያለ ሰው ውኃ ይለካበታል፤ ያ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ምላሱ እንደ ቆዳ እየደረቀ፣ በረዶ እየመጠጠ ነው የኖረው። እኔም ቤት ውስጥ ውኃ የምጠጣው እሱ እንዳያየኝ ተደብቄ ነበር።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እኔን አየኝ፤ የማስቆመው መስሎት ይሆናል። ከዚያ ጠጣው። ሌላ ቀዳሁለት፣ እሱንም ጠጣው። ሦስተኛውን አጋምሶ ብርጭቆውን ደረቱ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

"ሂጂ ለእታለም ንገሪያት" አለኝ። "ረካ በያት።"

ኮሪደሩን ሮጬ ሄጄ ነገርኳት።